አፋቸውን ያልፈቱ ሕፃናትና የመሐንዲሱ ድርሻ
(በቡታጅራ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




በአማርኛችን አንድ ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን። ሰው በመጀመሪያ የተማረውንም ቋንቋ «አፉን የፈታበት ቋንቋ» ብለን እንጠራዋለን። አባባሉ ብልህ አባባል ነው፤ አፍ ታስሮ የሚመጣና በኋላ የሚፈታ መሆኑን ይነግረናልና። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስልን ያልፋል፤ ይኸውም ፈቺው ማን ነው? የሚለው ነው። ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ «ጊዜ» የሚል ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ሞልቶት ባይናገር «ይደርሳል» እንላለን። ሦስት ሲሞላው «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እንላለን። አራት ሲሞላው እኛም ዝም እንላለን። ሰባት ሲሞላው እኩዮቹ ደብተር ይዘው ሲሄዱ እርሱ ከደጅ ተቀምጦ ይመለከታቸዋል፤ በሰፈሩም ዘንድ በስሙ ሳይሆን «ዱዳው» ተብሎ ይታወቃል።

ዛሬ በፊታችሁ ላስረዳ የምሞክረው ነገር አንድ ነው። ጊዜ ብቻውን አፍ አይፈታም። የዘገየ አፍ ለምን እንደዘገየ በጊዜው ሊለካ ይገባዋል፤ ከተለካም በኋላ ሥራ ሊከተለው ይገባል። ይህንን በቡታጅራ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን በስፍራው እገልጻለሁ።

እኔ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ንግግር ድምፅ ነው፤ ድምፅም የአየር ግፊት መለዋወጥ ነው። ግፊት፣ ርቀት፣ ክዳን፣ ግድግዳና ጣሪያ ደግሞ የእኛው ሙያ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ከሙያችን የራቀ እንዳይመስለን እለምናለሁ።

አፍ እንዴት ይፈታል?

ንግግር ሦስት ነገሮች ተባብረው የሚሠሩት ሥራ ነው። አንደኛው መስማት ነው፤ ሁለተኛው የሰሙትን ከነገርና ከሰው ጋር አያይዞ መረዳት ነው፤ ሦስተኛው ሳንባን፣ ማንቁርትን፣ ላንቃን፣ ምላስንና ከንፈርን አስተባብሮ ድምፅ ማውጣት ነው። ሦስቱም ከተሟሉ ሕፃኑ በተወለደ በወራት ውስጥ ድምፅን ይከተላል፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ «ባ ባ፣ ዳ ዳ» እያለ ድምፅ ይደጋግማል፤ ዓመት ሲሞላው ገደማ የመጀመሪያዋን ቃል ይናገራል። ሁለት ዓመት ሲሞላው ሃምሳ ያህል ቃላት ይኖሩታል፤ «እማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪኝ» እያለ ሁለት ሁለት ቃል ያጋጥማል። ሦስት ዓመት ሲሞላው የቤቱ ሰው ብቻ ሳይሆን እንግዳም አብዛኛውን ንግግሩን ይረዳዋል። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» እንደሚባለው ድምፆቹ ሁሉ በዚህ ዕድሜ አይበስሉም፤ ኮልታፋ መሆኑም አያስፈራም።

ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን አይራመዱም፤ በአንድ ቀንም አይናገሩም። ነገር ግን ሳይዘገዩ ሊመረመሩ የሚገባቸው ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ዓመት ሞልቶት ድምፅ የማይደጋግም፣ በጣቱ የማያመለክት፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ሕፃን፤ በአንድ ዓመት ከአራት ወሩ አንዲት ቃል የሌለችው፤ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል የማያጋጥም፤ እንዲሁም በማናቸውም ዕድሜ ቢሆን ይናገር የነበረውን ቃል የተወ ልጅ «ይደርሳል» ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጆሮ ነው። «የእኔ ልጅስ ይሰማል፤ ስጠራው ይዞራል» የምትል እናት ልጇን አልዋሸችም። ነገር ግን በንግግራችን ውስጥ ያሉት አናባቢዎች ጉልበታቸው በዝቅተኛው የድምፅ ሞገድ፣ ከ1,000 ኸርዝ በታች ሲሆን፣ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉት ድምፆች ግን ከ3,000 ኸርዝ በላይ ይገኛሉ፤ ጉልበታቸውም አነስተኛ ነው። ከፍተኛውን ሞገድ የማይሰማ ሕፃን ጥሪውን ይሰማል፣ በሩ ሲዘጋም ይደነግጣል፤ ቃሉን ግን እንደተቦዳደሰ ጽሑፍ ነው የሚቀበለው። የተቦዳደሰ ነገር የሰማም የተቦዳደሰ ነገር ይናገራል። እንዲሁም በየቤቱ የምናየው ጆሮ ማመርቀዝና ከታምቡሩ ኋላ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ከ20 እስከ 40 ዴሲቤል የሚደርስ መስማት ሊቀንስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉድለት 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት ከሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። ከእነዚህም አንዱ ይኸው በጊዜው ያልታከመ ጆሮ ነው።

ሁለተኛው ላንቃ ነው። ለመሐንዲስ ነገሩን ማስረዳት ቀላል ነው። ከላንቃ በስተኋላ ያለው ለስላሳ ሥጋ የአፍንጫን መንገድ የሚዘጋና የሚከፍት ክዳን ነው። «ም»፣ «ን» እና «ኝ» ስንል ክዳኑ ይከፈታል፤ በሌሎቹ ድምፆች ይዘጋል፤ አየሩም በአፍ ውስጥ ታምቆ በድንገት ይለቀቃል። በተለይ «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» እና «ጰ» የምንላቸው ድምፆች ማንቁርት ተዘግቶ ወደ ላይ ከፍ ሲል በአፍ ውስጥ በሚታመቀው አየር የሚፈጠሩ ናቸው። ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ይህን አየር ማመቅ አይችልም፤ ግፊቱ በአፍንጫ ያመልጣልና። ቀዶ ሕክምና ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ነገር ግን ቀዳዳው በነበረበት ዘመን ሕፃኑ በጉሮሮው ድምፅ ማውጣትን ተላምዶ ከሆነ ልማዱ በስፌት አይድንም። ያን ልማድ ማስተው የንግግር ሕክምና ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እንጥል መቁረጥ አንድ ቃል መናገር ግድ ይለኛል። እንጥል የዚያው ክዳን ጫፍ ነው። ባልጸዳ ምላጭ መቁረጡ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ይዳርገዋል፤ ስለቱ ለስላሳውን ላንቃ ከነካም ጤነኛ የነበረውን ክዳን የሚያፈስ ክዳን ያደርገዋል። እንዲሁም «ምላሱ ታስሮ ነው» እየተባለ ከምላስ ሥር ያለውን ጅማት ለማስቆረጥ የሚቸኮልበት ጊዜ አለ። ጅማቱ በእውነት ያጠረበት ልጅ አንዳንድ ድምፅ ሊያስቸግረው ይችላል፤ ነገር ግን ጭራሽ አለመናገርን የሚያመጣው የምላስ ጅማት አይደለም።

ሦስተኛው የአእምሮ እድገትና የጠባይ ነገር ነው። የሚሰማ፣ ላንቃውም ደኅና የሆነ፣ ነገር ግን ዓይን ለዓይን መገጣጠም፣ በጣት ማሳየት፣ ተራ እየጠበቁ መጫወት የሚያስቸግረው ሕፃን አለ፤ ከእነዚህም መካከል ኦቲዝም ያለባቸው ይገኙበታል። በእነዚህ ልጆች ዘንድ ከቃሉ በፊት መምጣት ያለበት ከሰው ጋር አንድን ነገር አብሮ የመመልከት ልማድ ነው።

በመጨረሻም መስማት ጭራሽ የተሳነው ልጅ አለ። ለእርሱ ቋንቋው የምልክት ቋንቋ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ምሉዕ ቋንቋ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ትምህርት ይሰጥበታል። ዋናው ነገር ሕፃኑ በልጅነቱ ቋንቋ ማግኘቱ ነው፤ በአፍ ወይም በእጅ መሆኑ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

በብዙ ቋንቋ መካከል ያደገ ልጅ

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በገበያዋ ቀን ቆሞ ያዳመጠ ሰው መስቃንኛ፣ ስልጥኛ፣ ክስታንኛ፣ ዶብኛ፣ ማረቆኛና አማርኛ ይሰማል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሴማዊ ሲሆኑ ማረቆኛ ኩሻዊ ቋንቋ ነው። ከአያቱ ጋር በአንዱ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በሌላው፣ በመዋዕለ ሕፃናት ደግሞ በሦስተኛው የሚነጋገር ሕፃን ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው «ቋንቋው ስለበዛበት ነው ያልተናገረው፤ በቤት አማርኛ ብቻ አናግሩት» የሚል ምክር ነው። ይህ ምክር መሠረት የለውም። ከአንድ በላይ ቋንቋ መስማት የንግግር ሕመም አያመጣም። የእንዲህ ያለ ልጅ ቃላት መቆጠር ያለባቸው ከሁሉም ቋንቋዎቹ ተደምረው ነው፤ በመስቃንኛ 30፣ በአማርኛ 25 ቃል ያለው ልጅ 55 ቃል እንዳለው መታወቅ አለበት እንጂ በሁለቱም ደካማ ነው መባል የለበትም። ከዚህም በላይ እናቲቱ በደንብ የማትችለውን ቋንቋ እንድትናገር ማድረግ ለልጁ የሚሰማውን ንግግር መጠንና ጥራት መቀነስ ነው። ልጁ የሚማረው ከሞላ አፍ እንጂ ከተቆጠበ አፍ አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ «አዲስ ቋንቋ ስለሆነበት ነው» ብሎ እውነተኛውን ችግር ማሳለፍ ነው። መለያው ግልጽ ነው። በትምህርት ቤት በአማርኛ ዝም ብሎ፣ በቤቱ ግን እንደ እኩዮቹ የሚጫወት ልጅ ጊዜ ያስፈልገዋል። በሁሉም ቋንቋው የዘገየ ልጅ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህን ለመለየት መርማሪው የልጁን የቤት ቋንቋ ማወቅ ወይም ከሚያውቅ ሰው ጋር መሥራት አለበት። ከውጭ የመጣ የቃላት ዝርዝር ተተርጉሞ አይበቃም፤ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የድምፅ ፈተና ስለ «ጠ» እና ስለ «ቀ» የሚጠይቀው ነገር የለውም።

ተለክቶ ያልተሠራ መንገድ

አሁን ስለ ቡታጅራ ወደገባሁት ቃል እመለሳለሁ። ይህች ከተማና በዙሪያዋ ያሉት ቀበሌዎች በአገራችን የጤና ጥናት ታሪክ ታላቅ ስፍራ አላቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1986 እ.ኤ.አ. የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀመረ። በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሚወለደው፣ የሚሞተው፣ የሚገባውና የሚወጣው ሕዝብ ቤት ለቤት እየተመዘገበ ቆየ። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎች ለከባድ የአእምሮ ሕመም ተመረመሩ። በ2005 እና በ2006 እ.ኤ.አ. 1,065 ነፍሰ ጡር እናቶች ተመዝግበው እነርሱና ልጆቻቸው ለዓመታት ሲጠኑ ኖሩ።

ከዚህም ጥናት ጋር በተያያዘ ለዛሬው ጉዳያችን ዋና የሆነ ሥራ ተሠርቷል። የሕፃናትን እድገት ለመለካት በዓለም የታወቀው የቤይሊ መለኪያ ለዚህ አካባቢ ልጆች እንዲስማማ ተደርጎ ተፈትኗል፤ ውጤቱም በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህ መለኪያ ከሚመረምራቸው ነገሮች አንዱ ቋንቋ ነው፤ ሕፃኑ ምን ይረዳል፣ ምን ይናገራል የሚለውን ይጠይቃል። ስለዚህ የቡታጅራ ልጅ አንደበት ከብዙ የአፍሪካ ከተሞች ልጆች አንደበት ቀድሞ ለመለካት በቅቷል ማለት ነው።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ እኛ መንገድ ከመሥራታችን በፊት እንለካለን። ችካል እንተክላለን፤ ከፍታውንና ዝቅታውን እንመዘግባለን። ነገር ግን ችካሉ ተተክሎ፣ ካርታው ተነሥቶ፣ መንገዱ ሳይሠራ ቢቀር ለዚያ መንደር ምን አተረፍንለት? የተመራማሪዎቹ ድርሻ መለካት ነበርና ድርሻቸውን ተወጥተዋል። በልኬቱ ላይ መንገዱን መዘርጋት የሌሎቻችን ድርሻ ነው።

ደግሞም ይህ እንደሚቻል ቡታጅራ ራሷ ምስክር ናት። የከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት ሲካሄድ መመዝገብ ብቻ አልነበረም፤ በቡታጅራ ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች የሚመራ የተመላላሽ ሕክምና አብሮ ተከፍቷል። ከአዲስ አበባ ውጭ የአእምሮ ሕክምና እጅግ ብርቅ በነበረበት ዘመን የዚህ አካባቢ ሕመምተኛ በአጠገቡ ሕክምና አገኘ። እንዲሁም ግራርቤት ተሃድሶ ማኅበር በዚችው ከተማ የዓይን ሆስፒታል አቋቁሞ በትራኮማ ምክንያት ሊታወሩ የነበሩ አያሌ ሰዎችን ዓይን አትርፏል። ለአእምሮና ለዓይን የተቻለው ለሕፃን አንደበት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

በእጃችን ያለው

የንግግርና የቋንቋ ሕክምና በአገራችን ገና ወጣት ሙያ ነው። ባለሙያዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በአዲስ አበባ ይሠራሉ። ሆኖም ከባዶ የምንነሣ አይደለንም። በየካቲት 12 ሆስፒታል የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ላለባቸው ሕፃናት ከቀዶ ሕክምናው ጋር የንግግር ሕክምና እንዲሰጥ ጥረት ተደርጓል፤ ትራንስፎርሚንግ ፌሰስ የተባለው የካናዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ባደረገው ድጋፍም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ተከፍቷል። ለወላጅ ግን ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት መንገድ የጠረገች አንዲት እናት ነበረች። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚያስተምርላቸው ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም እስከተለዩበት ጊዜ ድረስም ለእነዚህ ልጆች ሲሟገቱ ኖሩ። የአገራችንን ፊደል መሠረት አድርገው «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያሉትን የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ፊደላችን ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አጣምሮ በሰባት ረድፍ ስለሚያሰልፍ ድምፅን በዓይን ለማሳየት የሚመች መሆኑን ማስተዋላቸው የሚደነቅ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ የዓለም ጤና ድርጅት እድገታቸው የዘገየ ሕፃናት ላሏቸው ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና ለአገራችን ተስማሚ እንዲሆን ተደርጎ ተሞክሯል። ሥልጠናው ዘጠኝ የጋራ ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን፣ በልዩ ሐኪም ሳይሆን በተገቢው መንገድ በሠለጠነ ሰው ሊመራ የሚችል ነው። ይህ ለእንደ እኛ ያለ አገር ትልቅ ነገር ነው። ባለሙያው ሕፃኑን በሳምንት አንድ ሰዓት ቢያገኘው እናቱ፣ አባቱና አያቱ ቀኑን ሙሉ ያገኙታል። የሕክምናው ዋና ክፍል የሚፈጸመው በቤት ነው።

ሥራውም በውድ ዕቃ የሚሠራ አይደለም። ወላጅ ዝቅ ብሎ ፊቱን ከልጁ ፊት ትይዩ ያደርጋል፤ ልጁ የተመለከተውን ተመልክቶ ስሙን ይጠራል። እናት ቡና ስትቆላ «ቡና፤ ትኩስ ቡና፤ ሸተተህ?» ትላለች፤ ቆጮ ስትጋግር «ቆጮ፤ ትልቅ ቆጮ፤ ለአባባ» ትላለች። ልጁ «ውሃ» ቢል እርሷ «ቀዝቃዛ ውሃ» ብላ አንድ ቃል ትጨምርለታለች። «ወተት ነው ውሃ?» ብላ ሁለቱንም ታሳየዋለች፤ ከዚያ በልቧ እስከ አምስት ትቆጥራለች። ይህ ዝምታ ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ነው፤ ምክንያቱም ልጁ የሚመልስበትን ጊዜ እኛው ራሳችን ስንናገርበት እንውላለንና። ልጁ በጣቱ ቢያመለክት ወይም ግማሽ ቃል ቢናገር እንደ መልስ ይቆጠርለታል። «በል፣ በል፣ እንዲህ በል» ብሎ ማስጨነቅ ግን አፍ ይዘጋል እንጂ አይፈታም። ስልክ ሰጥቶ ዝም ማሰኘትም እንዲሁ ነው፤ ስልክ ይናገራል እንጂ መልስ አይጠብቅም። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ የሚንተባተብም ልጅ ቃሉ ከአፉ ሊነጠቅ ወይም ሊሳቅበት አይገባም፤ ብዙዎቹ ይተዉታል፤ የሚቆይባቸውን ግን ባለሙያ ሊያያቸው ይገባል።

የመሐንዲሱ ድርሻ

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። መምህሯ ስትናገር ድምፅዋ ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ 65 ዴሲቤል ነው እንበል። በግልጽ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በስምንት ሜትር ላይ 47 ዴሲቤል ይሆናል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ጫጫታ 50 ዴሲቤል ከሆነ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ የሚሰማው ጫጫታውን ነው። በክፍል ውስጥ የግድግዳው ነጸብራቅ ድምፁን እንደሚያግዘው ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን ያው ነጸብራቅ ሲበዛ ቃሉን በቃሉ ላይ ይደርበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚኖረው ጫጫታ ከ35 ዴሲቤል፣ የማስተጋባት ጊዜውም ከ0.6 ሴኮንድ ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራል።

አሜሪካዊው ሳቢን በ1895 እ.ኤ.አ. በጀመረው ምርምር ባገኘው ቀመር አንድ ክፍል እናስላ። 8 ሜትር በ7 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ይዘቱ 168 ሜትር ኩብ ነው፤ የወለሉ፣ የጣሪያውና የግድግዳው ስፋት ተደምሮ 202 ሜትር ካሬ ይሆናል። ሁሉም የተለሰነና ጠጣር ሆኖ ድምፅ የመዋጥ አቅሙ በአማካይ 0.05 ቢሆን ባዶው ክፍል 2.7 ሴኮንድ ያስተጋባል። አርባ ሕፃናት ገብተውበት እያንዳንዳቸው 0.3 ሜትር ካሬ ያህል ቢውጡ 1.2 ሴኮንድ ይሆናል፤ ይህም ከሚፈቀደው እጥፍ ነው። ነገር ግን የመዋጥ አቅሙ 0.5 የሆነ ኮርኒስ ብቻ ብንጨምርበት ወደ 0.57 ሴኮንድ ይወርዳል። አንድ ኮርኒስ! ደግሞም ያው ኮርኒስ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የመምህሯን ድምፅ የሚውጠውን ጩኸት ያበርዳል። አባቶቻችን የሠሩት የጉራጌ ጎጆ በሣር ክዳኑ ምክንያት ጸጥ ያለ ቤት ነበር። ቆርቆሮ ስናመጣ ያጣነውን ጸጥታ በሌላ መንገድ መመለስ የእኛ ግዴታ ነው። ከአካባቢው ጭድና ሰሌን የሚሠራ ኮርኒስ ምን ያህል ድምፅ እንደሚውጥ፣ ከእሳትም እንዴት እንደሚጠበቅ መለካትና መፈተን ለወጣት መሐንዲሶቻችን የሚገባ ሥራ ነው።

በዚህ መሠረት ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሕፃናት ለኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ወደ ጤና ተቋም ይመጣሉ። እናት አንድ ጊዜ መንገድ ከመጣች ሌላ መንገድ ሳትመጣ በዚያው ዕለት ስለ ልጁ መስማትና መናገር አራት አምስት ጥያቄ በቤቷ ቋንቋ እንድትጠየቅ ከጤና ባለሥልጣኖች ጋር እንነጋገር። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ የመንደሩን ሰውና ልሳን ያውቃሉና።

ሁለተኛ፣ የሕፃናት መስማትና ንግግር የሚመረመርበት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል በዚህች ከተማ እንሥራ። ወፍራም ግድግዳ፣ ድርብ በር፣ ኮርኒስና ከጎዳናው የራቀ ስፍራ ይበቃል። ንድፉን ያለ ክፍያ ማውጣት፣ ሥራውንም መቆጣጠር ከአቅማችን በላይ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ የምንነድፋቸው የመዋዕለ ሕፃናት ክፍሎችም ሁሉ ኮርኒስ ይኑራቸው።

ሦስተኛ፣ የመስሚያ መሣሪያ ከጆሮ የሚገጥምበት ቅርጽ ከሕፃኑ ጋር አብሮ አያድግም፤ በየጊዜው መቀየር አለበት፤ ባትሪውም ያልቃል። ባትሪ በማጣት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ከሌለ መሣሪያ አይሻልም። ከቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞቻችን ጥቂቶቹ ይህን ጥገና ቢማሩ እናቲቱ ለአንዲት ትንሽ ባትሪ አዲስ አበባ ድረስ አትሄድም። ከዚህም ጋር መስቃንኛ ወይም ስልጥኛ ወይም ማረቆኛ የሚችል አንድ የአካባቢው ወጣት የንግግርና የቋንቋ ሕክምናን በዩኒቨርሲቲ ተምሮ እንዲመለስ ወጪውን ብንረዳ የገንዘባችን ከፍተኛው ጥቅም ይህ ይሆናል።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። መልሱ ከዚህ አካባቢ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ የሱቅ ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም ከገቢው እያዋጣ፣ መኪና ደርሶበት ወደማያውቅ አገር መንገድ አስገብተዋል። ያን ጊዜ መሐንዲሱ ለካ፤ ሕዝቡ አዋጣ፤ መንገዱም ተሠራ። የዛሬው መንገድ ርዝመቱ ከሕፃኑ ጆሮ እስከ ሕፃኑ አፍ ነው። ሆኖም በአምስት ዓመቱ ያልተሠራለት መንገድ በሃያ ዓመቱ ቢሠራለት እንደ መጀመሪያው ጊዜ አይጠቅመውም፤ ቋንቋ ከሁሉ ይልቅ የሚተከለው በልጅነት ነውና።

ስለዚህ የዚህ ስብሰባ ውሳኔ ሆኖ እንዲመዘገብልኝ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጸጥተኛው ክፍል በሚቀጥለው ዓመት የሥራ ዕቅዳችን ውስጥ እንዲገባና የሚያጠናው ኮሚቴ ዛሬውኑ እንዲመረጥ ነው። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ለመሆን ፈቃደኛ መሆኔንም ከአሁኑ አስታውቃለሁ።